ምስክርነቱ ኪኒኑን አይቅደም

ጌታ ኢየሱስ ለምጻሙን ሰው ዳስሶ ካነጻው በኋላ የሰጠውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ለማንም እንዳይናገር፣ አስቀድሞ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው (ማቴ. 8፥4)። ዐሥሩ ለምጻሞችም የተላኩት ወደ ካህናት ነበር (ሉቃ. 17፥14)። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እንደምናነበው በዚያ ዘመን የሰውን ቆዳ የመመርመር ኃላፊነት የካህኑ ነበር። ካህኑም አንድ ጊዜ አይቶ ብቻ አይፈርድም። ሰባት ቀን ይጠብቃል፤ እንደገና ያያል፤ ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። እንግዲህ የፈወሰው ጌታ ራሱ ፈውሱ በሚመለከተው ሰው ተመርምሮ እንዲታወቅ ፈቀደ ማለት ነው።

የተወደዳችሁ አንባቢያን፣ ይህን ቃል ያነሣሁት በአብያተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስለ አንድ ዓይነት ሕመምና ስለ መድኃኒቱ ላካፍላችሁ ስለ ወደድሁ ነው። ሕመሙ ቆዳን የሚያስቆጣ፣ ቶሎ የማይለቅ፣ ሄደ ሲባል የሚመለስ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ብርቱ ነው። በትክክል ሲወሰድ ያድናል፤ በድንገት ሲቋረጥ ግን ሊገድል ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ የሚመጣውም ታማሚው በጣም በታመመበት ቀን ሳይሆን የዳነ በሚመስልበት ቀን ነው።

ለምጽና ሥጋ ደዌ

ፓስተር ከሆነው ባለቤቴ ጋር የምናገለግለው በአንኮበር ወረዳ፣ በጎረቤላ ከተማ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን በጉም በተሸፈነው ደጋ ላይ እንገኛለን። ሕዝባችን ገብስና ባቄላ አራሽ ነው። የአንኮበር ሰው መድኃኒት ማወቅ ብርቁ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በወረዳችን ሕዝቡ ለሕክምና የሚጠቀምባቸውን ከመቶ በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች መዝግቧል። ቆዳው ላይ አንድ ነገር የወጣበት ሰው መጀመሪያ ቅጠል ይቀባል፣ ቀጥሎ ጠበል ወይም ጸሎት ይሄዳል፣ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ፣ በብሉይ ኪዳን ለምጽ ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል አንድን በሽታ ብቻ እንደማያመለክት ነው። ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመሞችን ያጠቃልላል፤ በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ ለሚወጣው ነገር እንኳ ይኸው ቃል ገብቶአል (ዘሌ. 13፥47፤ 14፥34)። እኛ ዛሬ በአማርኛ ለምጽ የምንለው ደግሞ ቆዳን የሚያነጣውን፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈውን ሕመም ነው። ሥጋ ደዌ ከሁለቱም የተለየ ነው። የሚመጣው በባክቴሪያ ሲሆን ባክቴሪያውን ያገኘው አርማወር ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ነው፤ ጊዜውም 1873 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ በሥጋ ደዌ የታመመን ወንድም የዘሌዋውያንን ምዕራፍ ጠቅሶ ከሰፈር ማራቅ ለቃሉም ለሰውየውም አለመታመን ነው።

ሥጋ ደዌ ዛሬ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች በጥምረት እንዲሰጡ መከረ። በአገራችንም በ1980ዎቹ ተጀመረ። ሕክምናው እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወር ወይም 12 ወር ይፈጃል፤ በነጻም ይሰጣል። ታማሚው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሕመሙን ማስተላለፉ ያቆማል። ቢሆንም ሥጋ ደዌ ከአገራችን ገና አልጠፋም፤ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዳዲስ ታማሚዎች ይገኛሉ።

የሞተውን እባብ መደብደብ

የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት በታማኝነት ሲወስድ ሳለ፣ ወይም ጨርሶ ከወራትና ከዓመታት በኋላ፣ ሰውነቱ ላይ ሲነኩት የሚያቃጥል ቀይ እብጠት በብዛት ይወጣበታል። ትኩሳት ይይዘዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ እጅና እግሩ ያብጣል። ዓይኑ ሊቀላና ሊያምመው ይችላል፤ ወንድ ከሆነ ፍሬው ሊያብጥ ይችላል። ከሁሉ በላይ ነርቩ ይቆጣል። ሐኪሞች ይህን የሥጋ ደዌ ሪአክሽን ይሉታል። ሪአክሽን ሁለት ዓይነት ነው፤ አሁን የገለጽሁት ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው።

ሰፈሩ በሽታው ተመለሰ ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባክቴሪያው በመድኃኒቱ ሞቶአል፤ ሬሳው ግን በሰውነት ውስጥ ገና አልተጠረገም። የሰውነት የመከላከያ ኃይልም ያንን ቅሪት ጠላት ነው ብሎ ይነሣበታል። ቤት ውስጥ የገባ እባብ ከሞተ በኋላ እንኳ ዱላውን አላሳርፍ ብሎ እየደበደበ እንስራውንና ምጣዱን የሚሰብር ሰው እንዳለ አስቡ። ጉዳቱን የሚያደርሰው እባቡ ሳይሆን ዱላው ነው። ሪአክሽንም እንደዚሁ የገዛ ሰውነታችን ቁጣ ነው። ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ነርቭን ግን ያበላሻል። ነርቭ ሲጎዳ ወራት ሳያልፉ ካልታከመ ጣት ይታጠፋል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ዓይን መክደን ያቅታል።

ይህ ዓይነቱ የሰውነት ቁጣ በሥጋ ደዌ ታማሚዎች ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ቆዳን እንደ ቅርፊት የሚያስነሣው ሶርያሲስ፣ አፍንና ቆዳን ውኃ እያስቋጠረ የሚልጠው ፔምፊገስ፣ ፊትን አቅልቶ ኩላሊት ድረስ የሚዘልቀው ሉፐስ፣ ሁሉም ሰውነት በራሱ ላይ ሲነሣ የሚመጡ ናቸው። አንዳቸውም በእርግማን ወይም በቡዳ የሚመጡ አይደሉም፤ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላትም አይተላለፉም። ከእነዚህ ለበርካታዎቹ የሚሰጡት መድኃኒቶችም ተቀራራቢ ናቸው።

ዱላውን የሚያስጥለው ኪኒን

ዱላውን ከሰውየው እጅ የሚያስጥለው ዋናው መድኃኒት ስቴሮይድ ይባላል። በኪኒን የሚታወቀው ፕሬድኒሶሎን ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቹ ኮርቲዞን የተባለውን ንጥረ ነገር ከመገጣጠሚያ ሕመም የተነሣ መራመድ ላቃታት ሴት ሰጡ፤ በቀናት ውስጥም መራመድ ጀመረች። በ1950 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ስቴሮይድ ከመገኘቱ በፊት ፔምፊገስ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ይሞት ነበር።

በአገራችን የዚህ ሕክምና ታሪክ ከወንጌል ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሥር ያገለግል የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች ሆስፒታል አሠራ። ሆስፒታሉ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ አካባቢውም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት በዚያው ስፍራ ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ ከኖርዌይና ከስዊድን በተገኘ ድጋፍ በሃንሰን ስም የተሰየመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከጎንደርም ከባሌም የቆዳ ሕመም የጠናበት ሰው ወደ አለርት ይላካል።

የዚያ ሆስፒታል ሰዎች መድኃኒቱ የሚያደርሰውን ጉዳትም አልሸሸጉም። በአለርት የታከሙ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ሪአክሽን ከያዛቸው መካከል የሞቱት ካልያዛቸው ይልቅ እንደሚበዙ፣ ብዙው ሞትም ከስቴሮይድ ሕክምናው ጋር የተያያዘ እንደ ነበር አሳይቶአል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳይክሎስፖሪን የተባለውን መድኃኒት ከፕሬድኒሶሎን ጋር ያነጻጸሩ ሁለት ትናንሽ የአለርት ጥናቶች ታተሙ። ሐኪሞቹ ሌላ መድኃኒት የሚፈልጉት ፕሬድኒሶሎን አይሠራም ብለው አይደለም። ይሠራል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ዋጋ ያስከፍላል።

ዋጋውን ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ኪኒኑ ረሃብ ያመጣል፤ ፊትን ያሞላል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ጠባይን ይለውጣል። የደም ግፊትንና ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ጨጓራን ያስቆጣል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ በዓይን ላይ ሞራ ያመጣል። የተኛን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። በባዶ እግር ቆዳ በኩል ከአፈር የሚገባ አንድ የሆድ ትል አለ፤ ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ውስጥ ተራብቶ እስከ ሞት ያደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ስለ ሳል ቢጠይቅ፣ ሰገራ ቢያስመረምር፣ የትል ኪኒን ቢሰጥ ጊዜ ማባከን አይምሰላችሁ።

ያልተጠመደ በሬ

ሌላው ነገር ከሁሉ ይበልጥ ሊታወቅ ይገባዋል። እግዚአብሔር ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አስቀምጦአል፤ አድሬናል ይባላሉ። በየዕለቱ ኮርቲዞል የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ሰው ሲታመም፣ ሲደክም፣ ሲደነግጥ የሚያቆመው ይህ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚሠራው የዚህን ንጥረ ነገር ሥራ ነው። ኪኒኑ ለሳምንታት ሲወሰድ ዕጢዎቹ ሥራችን በሌላ ተሠርቶአል ብለው ይተኛሉ።

ገበሬ የሆናችሁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ክረምቱን ሙሉ ሳይጠመድ የከረመን በሬ በአንድ ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ብታርሱበት ይወድቃል። መጀመሪያ ጥቂት ትልም፣ በማግስቱ ትንሽ ጨምራችሁ ታለማምዱታላችሁ። የተኙት ዕጢዎችም እንዲሁ ናቸው። ሐኪሙ ለምሳሌ በቀን በ40 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 5 ሚሊግራሙን ስምንት ኪኒን አስጀምሮ፣ ሕመሙ ሲበርድ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚቀንሰው በሬውን ሲያለማምድ ነው። በድንገት ከተቋረጠ ሰውየው አቅም ያጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያምመዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ቶሎ ካልተደረሰለትም ይሞታል። ሕመሙም ከፊተኛው ይልቅ ተቆጥቶ ይመለሳል።

በመካከላችን የሆነው

በማኅበራችን ያለ አንድ ወንድም የ12 ወሩን የሥጋ ደዌ መድኃኒት ከጨረሰ ከአራት ወር በኋላ ይህ ሪአክሽን ያዘው። ባለቤቱ በቅሎ ተከራይታ ወደ ጤና ጣቢያ አመጣችው። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ፕሬድኒሶሎን ተጀመረለት፤ በሳምንት ውስጥ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ እብጠቱ ሟሸሸ። ፊቱ ሞላ፤ ጎረቤትም ተመቸው አለ። ዐዋቂዎች በቀንም በሌሊትም እንደ ጸለይን ሁሉ እግዚአብሔር መልስ እየሰጠን እንደ ነበር አምናለሁ።

በሦስተኛው ወር፣ ኪኒኑ ወደ አምስት ወርዶ ሳለ፣ በሌላ ስፍራ ወደ ተደረገ የጸሎት ጉባኤ ሄደ። ሰዎች የጠራውን ቆዳውን አይተው እልል አሉ። ወደ መድረክ ወጥቶ መፈወሱን መሰከረ። በጉባኤው የነበረ አገልጋይም፣ ካመንህ መድኃኒት ለምንህ ነው አለው። የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቱ እንደ ልማዷ ኪኒኑንና ውኃውን ስታቀርብለት እንዲህ አላት፦ «ነገ ጠዋት ይህን ከዋጥሁ ዛሬ በሕዝብ ፊት ዋሽቻለሁ ማለት ነው።»

እህቶችና ወንድሞች፣ ይህ ንግግር ከልቤ አልወጣም። ይህ ወንድም ሰነፍ አልነበረም፤ መድኃኒት ንቆም አያውቅም። ለሁለት ዓመት ያህል ኪኒን ያልዘለለ ሰው ነው። ያስቆመው ለቃሉ ታማኝ መሆኑ ነበር። ጊዜው ያልደረሰ ምስክርነት ኪኒኑን ወደ ውሸት ለወጠበት።

በአራተኛው ቀን ከአልጋው መነሣት አቃተው። የጠጣውን ውኃ ሁሉ መለሰው፤ ላብ አጠመቀው። ባለቤቱ ልጅዋን ወደ እኛ ላከች። ባለቤቴና ሌሎች ወንድሞች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። እህታችን ባዶውን የኪኒን ብልቃጥ በነጠላዋ ቋጥራ ይዛ ነበር። የተረኛው ጤና መኮንን ብልቃጡን አይቶ መቼ እንዳቆመ ጠየቃት፤ እርስዋም ሳትፈራ ቀኑን ነገረችው። ያን ጊዜ በደም ሥሩ ግሉኮስና ሃይድሮኮርቲዞን ተሰጠው፤ ወደ ደብረ ብርሃንም ተላከ። ሐኪሞቹ በኋላ እንደ ነገሩን በዚያ ሌሊት ሕይወቱን ያተረፈው መርፌው ብቻ ሳይሆን የእርስዋ እውነተኛ መልስም ነው። ምን ሲወስድ እንደ ነበረና መቼ እንዳቆመ ባይታወቅ ኖሮ በሽታው ሌላ ይመስላቸው ነበር።

ሪአክሽኑ ግን ተቆጥቶ ተመለሰ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ታጠፉ፤ እስከ ዛሬም አልተዘረጉም። ኪኒኑ እንደገና ከፍ ተደርጎ ተጀመረ፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። በመካከሉ በአካባቢያችን በነበረው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። እርስዋ ግን የሁለት ሳምንት ኪኒን ሁልጊዜ በተጠባባቂነት ታኖር ነበርና አንድም ቀን አላቋረጠም። አንድ ቀን ቤታቸው ስጎበኛቸው እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ ዱሮ በጸሎት ጊዜ ኪኒኑን ከመሶቡ ሥር እሸሽገው ነበር። አሁን ግን መጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ነው የማኖረው።»

ለባልና ለሚስት

ይህ ሕክምና የሁለት ሰዎች ሕክምና ነው። ኪኒኑን የሚውጠው አንዱ ቢሆንም ረሃቡን፣ የሌሊት እንቅልፍ ማጣቱንና የጠባይ ለውጡን አብረው ይሸከሙታል። ባልሽ ያለ ምክንያት ቢቆጣ ወይም ቢያለቅስ ፍቅሩ ቀዝቅዞ ላይሆን ይችላልና ለሐኪሙ ንገሪው። ሚስትህ ፊትዋ ቢያብጥ ወፈርሽ ብለህ አትሳቅባት፤ ኪኒኑ ሲቀንስ ይመለሳል። ክሎፋዚሚን የሚወስድ ሰው ቆዳው ይጠቁራል፤ ይህም ከጊዜ በኋላ ይለቃል። ኪኒኑን ጠዋት ከምግብ በኋላ መስጠት፣ በወጡ ላይ ጨው መቀነስ፣ ጫማ ማድረግ፣ ሳል ወይም ትኩሳት ሲመጣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የቤት ሥራችሁ ይሁን።

ልጅ መውለድን በተመለከተ ግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት በ1957 እ.ኤ.አ. በጀርመን ለእንቅልፍ ማስታገሻ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ነፍሰ ጡሮች ወሰዱት፤ በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ሕፃናትም እጅና እግራቸው ጎድሎ ተወለዱ። በ1961 ከገበያ ወጣ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጃኮብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም በኢየሩሳሌም ለአንድ የሥጋ ደዌ ታማሚ እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ቢሰጠው ሪአክሽኑ በቀናት ውስጥ በረደ። ዛሬም በአንዳንድ አገሮች በጥብቅ ቁጥጥር ለዚሁ ሪአክሽን ይሰጣል። ያው ኪኒን ለአንዱ ፈውስ፣ በማኅፀን ላለው ደግሞ ጥፋት ሆነ።

ለሶርያሲስና ለሌሎችም የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴትም ፅንስን ይጎዳል። ስለዚህ ባልም ሆነ ሚስት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ ጋብቻን ያከበረ ጌታ ይህንን ጥያቄ አይንቅም። ሜቶትሬክሴት ለቆዳ ሕመም ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑንም እወቁ። በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች ሞተዋል። ቀኑን በቀን መቁጠሪያው ላይ አክብቡበት። ጉበትን ስለሚጎዳም ጠላና አረቄ ከእርሱ ጋር አይስማሙም።

በቅባት የሚመጣውን ስቴሮይድም አትርሱ። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉባቸው ቅባቶች በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ሲቀቡ ይጠቅማሉ። ፊት ለማቅላት ብለው ከሱቅ ገዝተው ለወራት የሚቀቡ እህቶች ግን አሉ። ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ብጉር ያወጣል፤ ሲያቆሙትም ይቆጣል። ለሠርግ የምትዘጋጁ ልጆቻችንን በዚህ ምከሩአቸው።

ለአብያተ ክርስቲያናት

እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተነጋግረው አንድ ልማድ አኑረዋል። ስለ ፈውስ መመስከር የሚፈልግ ሰው መድኃኒት ላይ ካለ «እግዚአብሔር እየረዳኝ ነው፤ ሕክምናዬንም እየተከታተልሁ ነው» ብሎ ይመሰክራል። ማኅበሩም ለዚህ ከልቡ ሃሌ ሉያ ይላል። የመፈወስ ምስክርነት የሚቀርበው ሐኪሙ ካየው በኋላ ነው። ማንም አገልጋይ ከመድረክ ላይ መድኃኒት አቁም አይልም። ሲጸለይለት የተሻለው ሰው ወደ ሐኪሙ ሄዶ ራሱን ያሳያል፤ መቀነስም ማቆምም ካለ ሐኪሙ ይወስናል። እግዚአብሔር ፈጽሞ ፈውሶት ከሆነ ምርመራው ያንኑ ይመሰክራል፤ የሚጠፋ ክብር የለም።

የሴቶች ኅብረታችን ደግሞ ረጅም ሕክምና ላይ ያሉትን በተራ ይጠይቃል። የምንጠይቀውም ቀላል ነው። ኪኒኑ ስንት ቀን ይበቃል? የቀጠሮው ቀን መቼ ነው? የመሳፈሪያ ገንዘብ አለ? ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው የመድኃኒቱን ስምና መጠኑን በወረቀት ጽፈን በኪሱ እንዲይዝ እናደርጋለን። በድንገት ቢወድቅ ያገኘው ሰው እንዲያነብብለት ነው። ይህ ከእምነት ማነስ የመጣ አይደለም፤ በክርስቶስ ሕግ አንዱ የሌላውን ሸክም መሸከሙ ነው።

ሕዝቅያስን አስቡ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ እንደሚፈውሰውና በዕድሜው ላይ ዐሥራ አምስት ዓመት እንደሚጨምርለት በነቢዩ አፍ ነገረው። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥5–7)። ተስፋው ጥፍጥፉን ከንቱ አላደረገውም፤ ጥፍጥፉም ተስፋውን አላሳነሰውም። ንዕማንም በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ታዘዘ። ስድስተኛው ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? እግዚአብሔር የጀመረውን የሚፈጽም አምላክ ነው፤ እኛም የጀመርነውን ኪኒን እስከ መጨረሻው እንድንከታተል ትዕግሥት ይሰጠናል።

በዚህ ሰዓት ይህን የምታነቡ፣ ቆዳችሁ የጠራላችሁና ኪኒኑ ያስመረራችሁ ወገኖቼ፣ ነገ ጠዋትም ዋጡት። ስትውጡትም አመስግኑ። ዕጢውን የፈጠረ፣ ለሐኪሙም ማስተዋልን የሰጠ እርሱ ነው። የምትመሰክሩበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን በሕይወት ቆማችሁ ትመሰክራላችሁ። ጌታ ይባርካችሁ።